የፈጠም የጡት ልጅ

ልጅ ሳለሁ፣ ከቡሬ ወጣ ብላ በምትገኘው መንደራችን፣ ተረት የምንሰማው አያ ደምለው ጓሮ ውስጥ ከንብ ቀፎዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነበር። አያ ደምለው የአያቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ንብ አርብተዋል፤ ፊታቸው ላይ ንብ ያልነደፈው ቦታ የነበረ አይመስለኝም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅና ንቦቹ ሲገቡ በገል ላይ ኩበት ይለኩሱና ጭሱን እፍ እያሉ ከቀፎ ቀፎ ይዞራሉ፤ እኛም ጭሱ በዞረ ቁጥር ቦታ እየቀየርን፣ ዓይናችንን እያሸን ሣሩ ላይ እንኮለኮላለን። ሥራቸውን ሲጨርሱ ፍሙን መሐላችን አስቀምጠው፣ የኩራዟን ክር ከፍ አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። ያኔ የሚያስለው ልጅ እንኳ ሳሉን ይውጣል። ዛሬም የኩበት ጭስ ከሸተተኝ ጆሮዬ ይቆማል።

አንድ የማይፈርስ ሕግ ነበራቸው፤ ተረት በቀን አያወሩም። በቀን የተወራ ተረት ከብት መንገድ ያስታል ይሉ ነበር። ቀፎ ሲለቀልቁ እበት እያመላለስን ለምነናቸዋል፣ ውሃ እየቀዳን ልንደልላቸው ሞክረናል፤ ፀሐይ ካልጠለቀች አንዲት ቃል አይወጣቸውም።

ከተረቶቻቸው ሁሉ እኔን ያናጋኝ የፈጠም ዘንዶ ነው። ፈጠም ከመንደራችን ሥር የሚያልፍ ወንዝ ነው። ድልድዩ የተጋደሙ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች ነበሩ፤ ከግንዶቹ ዝቅ ብሎ ደግሞ ውሃው ጠቁሮ የሚቆምበት ጥልቅ ገንዳ አለ። በአንድ ክረምት የጎረቤት ልጅ እዚያ ሲዋኝ ለጥቂት ከመስጠም ተረፈ። እናቶች ተሰብስበው ሄዱና ልጆቹን ከውሃው የሚያርቅ ነገር ይንገሩልን ብለው አያ ደምለውን ለመኗቸው። እርሳቸውም በዚያው ምሽት ነገሩን። በገንዳው ሥር አንድ ዘንዶ ይኖራል። ርዝመቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ገበያው ይደርሳል። ክፉ አይደለም፤ ግን እናት አባት የለውም፣ እኅት ወንድም የለውም፣ ና ብሎ የሚጠራው አንድ ፍጡር የለም። ስለዚህ ከላዩ የልጅ ኮቴ በሰማ ቁጥር «ዘመድ አገኘሁ» ብሎ ደስ ይለውና ጅራቱን ይልካል፤ ይዞትም ይወርዳል። ልጅ ግን ከውሃ ሥር መኖር አይችልም። ዘንዶው ያለቅስና እንደገና ሌላ ኮቴ ይጠብቃል።

ሌሎቹ ልጆች ሳምንት ያህል ፈሩና ተዉት። እኔ የያዝሁትን የማልለቅ ልጅ ነበርሁ። ዘንዶው ያሳዝነኝም ያስፈራኝም ነበር፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ከተራ ፍርሃት ይብሳሉ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ወንዝ አልወረድሁም። ውሃ ቅጂ ስባል ምንጩ ወዳለበት ወደ ዳገቱ እሄድ ነበር፤ እጥፍ መንገድ ነው።

ጣጣው የመጣው አራተኛ ክፍልን ስጨርስ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ለመንደራችን እስከ አራተኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተሠርቶላታል፤ አምስተኛ ክፍል ግን ከወንዙ ማዶ ነው። በዚያው ክረምት ከሽንዲ በኩል አንድ ደህና ኑሮ ያለው ገበሬ ለልጁ ሊያጨኝ ሽማግሌ ላከ። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሰው ማስቀየም የማይወድ፣ እሺም እምቢም ማለት የሚከብደው ሰው ነበርና «ልጅቱ ትምህርት ላይ ናት» ብሎ ሸኛቸው። እነሱም «እንግዲያው ከመስቀል በኋላ መጥተን እናያለን» ብለው ሄዱ። ስለዚህ በእኔና በጋብቻው መካከል የቆመው ያ የአባቴ ቃል ብቻ ነበር፤ ቃሉም እውነት የሚሆነው ወንዙን ከተሻገርሁ ነው። ይህን ማንም አላስረዳኝም፤ ከእናቴ ፊት አንብቤዋለሁ።

ትምህርት የተከፈተ ዕለት አዲሱን ደብተሬን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከጎረቤታችን ልጅ ከፈንታነሽ ጋር ወረድሁ። ማሳው ሁሉ ኑግ አብቦበት ቢጫ ሆኗል። ፈጠም ገና ሙሉ ነበር፤ ግንዶቹን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ፈንታነሽ እየሮጠች ተሻገረችና ማዶ ቆማ ጠራችኝ። አንድ እግሬን ግንዱ ላይ አሳረፍሁ። ኮቴዬ ወደ ታች ሲወርድ፣ እዚያ ታች አንድ ነገር ቀና ሲል በእርግጥ ተሰማኝ፤ ዛሬም አልተሰማኝም ብዬ አልምልም። ተመለስሁ። በማግስቱም ተመለስሁ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ተሸክሞ ሊያሻግረኝ ሞከረ፤ አጋማሹ ላይ ስንደርስ አንገቱን ቧጥጬ ሁለታችንንም ልጥለን ነበር። እንደ ምንም ወደ ኋላ ተመልሶ አወረደኝና የደማ አንገቱን እያሻሸ «በቃ፣ ቤቷ ትቀመጥ። የመጣው ይምጣ» አለ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አያ ደምለው ሄደች። ተከትያት ከአጥሩ ሥር ቁጭ አልሁ።

«አያ፣ ከቃልዎ ወጥቸ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ልናገር» አለች። «ልጅቱን ያስፈሯት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ» አሉ።

«እንግዲያው ውሸት ነው ይበሏትና ትሂድልኝ። ሰዎቹ ከመስቀል በኋላ ይመጣሉ።»

«አልልም።»

«ምነው አያ?»

«ውሸት ነው ብላት ዘንዶው የሚሄድ መሰለሽ? ከሷ የምሄደው እኔ ነኝ እንጅ እሱ እዚያው ነው። ያኔ ብቻዋን ከሱ ጋር ትቀራለች። ተይኝ እስኪ፣ ላስብበት።»

እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች። ከአጥሩ ሥር መኖሬን አላየችም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አያ ደምለው አስጠሩኝ። ከቀፎዎቹ ሥር ተቀምጠው ቀርቀሃ እየሰነጠቁ አዲስ ቀፎ ይሠራሉ። ንቦቹ በላያችን ይመላለሳሉ፤ እግራቸው በኑግ አበባ ብናኝ ቢጫ ሆኗል።

«ትርንጎ፣ ነይ ቁጭ በይ። ዘንዶው ልጆቹን የሚወስድ ለምን ነበር?»

«ዘመድ ስለሌለው» አልሁ።

«ክፉ ሁኖ ነው?»

«አይደለም አያ። ብቻውን ሁኖ ነው።»

«እህ። እንግዲህ ቀሪው አለ። ያን ጊዜ ሳልጨርሰው ነው የተነሣሁ።»

ሰማዩን አየሁ። «አያ፣ ቀን እኮ ነው» አልኋቸው።

«አየዋለሁ» አሉ።

ያኔ ነው የጉዳዩ ክብደት የገባኝ። እኒህ ሰውዬ ለእኔ ሲሉ ሕጋቸውን አፈረሱ፤ የመንደሩ ከብት ሁሉ መንገድ ቢስት እንኳ ሊነግሩኝ ነው። ቀሪው ተረት እንዲህ ነበር። በድሮ ዘመን አንዲት ልጅ ወንዙን መሻገር ነበረባት። ዘንዶው ዘመድ እንደሚፈልግ ሰምታለች። «ዘመድ ከሆነ የሚፈልገው፣ ሳይወስደኝ በፊት እኔው ሄጄ ልዛመደው» ብላ የጡት ልጁ ልትሆን ቆረጠች። የጡት ልጅነትን በአገራችን የማያውቅ የለም። አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ያስነክርና ልጅ የሚሆነውን ያጠባዋል፤ ከሁለቱም ወገን እማኝ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ከሥጋ ዘመድ አይለዩም፤ የጡት ልጁን የጎዳ ሰው ከሰው አይቆጠርም።

አያ ደምለው ቀርቀሃውን አስቀመጡ። «እኔም ጠብቻለሁ» አሉ። «ጎረምሳ ሳለሁ የአጎቴ ልጅ ሰው ገደለና ጠፋ። የሟች ወንድም ደሙን በኔ ሊመልስ ፈለገ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለበር ጀርባየን ሰጥቸ ተኝቸ አላውቅም። ኋላ ሽማግሌ ገባና አስታረቀን፤ ያ ሰው ጣቱን ማር ነክሮ ከአፌ አደረገው። ጣቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱም እኔን እንደሚፈራ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሲሞት ልጁ ሁኘ ቀብሬዋለሁ።»

የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ እሱንም ጠየቅሁ። «ዘንዶ ግን አውራ ጣት አለው?»

አያ ደምለው አሰቡ። እጅጌያቸው ላይ የወጣችውን ንብ በጣታቸው አሻግረው ለቀቋት። «የለውም» አሉ።

«ታዲያ ልጅቱ እንዴት አደረገች?»

«እንጃ። እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። አንች ጨርሽው።»

እንደዚያ ቀን የተናደድሁበትን ጊዜ አላስታውስም። ቀን ጠርተው፣ ሕግ አፍርሰው፣ ተረቱን አፉን እንደከፈተ ትተው ቀርቀሃቸውን ይሰነጥቃሉ። እራት አልበላ አለኝ። ግን ልብ ብዬ ሳስበው፣ ያን ሌሊት እስክተኛ ድረስ ያስጨነቀኝ ዘንዶው ሳይሆን የዘንዶው ጣት ነበር። ስንት ጊዜ ሸሽቼው የኖርሁትን ፍጡር አሁን ከራስ እስከ ጅራቱ እየፈተሽሁት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ወንዝ ወረድሁ። ግንዱን አልረገጥሁም፤ ርቄ ተቀምጬ አየሁ። ግንዶቹ ካረፉበት ዳርቻ አንድ ጥቁር ድንጋይ ወደ ውሃው ብቅ ብሏል። ክብ ነው፣ ለስልሷል፤ ውሃው ይሸፍነዋል፣ ይገልጠዋል። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ምን እንደሆነ አወቅሁ። እየሮጥሁ ዳገቱን ወጣሁና አያ ደምለው ዘንድ ስደርስ ትንፋሽ አልነበረኝም። «አገኘሁት» አልኋቸው፤ «ከውሃው ውጪ ያስቀመጠው ጣቱን ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ታች ነው።» አያ ደምለው «ልክ ነው፣ ሌላ የት ያስቀምጠዋል» አሉ።

ሰኞ ጠዋት አምስት ሆነን ወረድን፤ እኔ፣ እናቴ፣ አባቴ፣ ፈንታነሽና ካለፈው ዓመት የተረፈ ማር በትንሽ ቅል የያዙ አያ ደምለው። አባቴ የመጣው አያ ደምለውን ላለማስቀየም ነው። አያ ደምለው ዳርቻው ላይ ቆሙና «በዘንዶው ወገን እማኝ እኔ ነኝ። በልጅቱ ወገን አባቷ ይቁም» አሉ። አባቴ ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም። አባቴ ግራ ቀኙን አየ፤ ፊቴን አየ፤ ከዚያ ዱላውን መሬት አስቀምጦ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ቆመ። ለእማኝነት እንዲህ ነው የሚቆመው።

ማሩን በእጄ ወስጄ ድንጋዩን ቀባሁትና ተንበርክኬ ጠባሁት። መጀመሪያ ማር ማር አለኝ፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ድንጋዩን ያለበሰው አረንጓዴ የወንዙ ሽበት። «ከዛሬ ጀምሮ ልጅህ ነኝ» አልሁ። «ልጅ አለህ። ሌላ አትፈልግ።» ድምፄ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ። ከኋላዬ አያ ደምለው በዘንዶው ፈንታ «ተቀብያለሁ» አሉ። አባቴም ዝግ ብሎ፣ «ሰምቻለሁ» አለ።

ከዚያ ግንዱን ረገጥሁ። ፍርሃቱ የጠፋ እንዳይመስላችሁ። ውሃው ከሥሬ ይጮሃል። አጋማሹ ላይ ስደርስ፣ እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ፣ ታች ያለው ነገር ቀና ሲል ተሰማኝ። የዘመድ ቤት በር ላይ ማነው ሲባል እንደሚመለሰው «እኔ ነኝ፣ ትርንጎ ነኝ» አልሁ። ቀና ያለው ነገር ተመልሶ ተኛ። ቀሪውን ግንድ እንዴት እንደጨረስሁት አላውቅም፤ የማውቀው ከእግሬ በታች ማዶ ያለው ሣር መሆኑን፣ ፈንታነሽ እጄን ይዛ እየዘለለች መሆኑን፣ ከኋላዬ ደግሞ የእናቴ እልልታ ወንዙን አቋርጦ መምጣቱን ነው። በሕይወቴ ብዙ ነገር አሸንፌያለሁ። እንደዚያ ጠዋት ያሸነፍሁበት ቀን የለም። ከሰዓት ስመለስ ድንጋዩ ላይ ምንም ማር አልነበረም። ማን እንደላሰው አልጠየቅሁም።

መስቀል አለፈና ሽማግሌዎቹ ከሽንዲ መጡ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ለረጅም ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ በሬ አወሩ፤ ከዚያ ጉዳዩን አነሡ። አባቴ፣ ያ እምቢ ማለት የሚከብደው ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ብቻየን መስጠት አልችልም። ልጅቱ ባለ ሁለት አባት ናት» አለ።

«ሁለተኛው ማነው?»

«ፈጠም ውስጥ ነው። ወርዳችሁ ጠይቁት።»

ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። «ቀልድ አይደለም። እማኝ ሁኘ የቆምሁበት ነገር ነው» አለ። እማኝነቱን የሚያፈርስ ሰው በአገራችን ፊት የለውም፤ እነሱም ይህን ያውቁ ነበርና ሳቃቸው ቀስ እያለ አለቀ። ጠላቸውን ጨርሰው ተነሡ፤ ዳግመኛም አልመጡም። አባቴ በገዛ ልቡ ሊለው ያቃተውን እምቢታ ዘንዶው አስባለው ብዬ አምናለሁ።

ከዓመታት በኋላ ባሕር ዳር ሥነ ጽሑፍ ስማር፣ አንድ መምህራችን አፈታሪክ ማለት የሰው ልጅ ሳይንስ ሳያውቅ በፊት ለመብረቅና ለዝናብ የሰጠው ምክንያት ነው አሉን። እጄን አወጣሁ። የእኛ ዘንዶ ስለ ዝናብ ምንም ነግሮኝ አያውቅም፤ የነገረኝ ስለ ራሴ ነው አልሁ። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩ ግን አስቀጠሉኝ፣ እኔም ነገርኋቸው። አብራኝ የምታድር የሥነ ልቦና ተማሪ ደግሞ ዘንዶው ማለት ፍርሃትሽ ነው፣ ሽማግሌው አክመውሻል አለችኝ። ልክ ናት። ቢሆንም አያ ደምለው «ከፍርሃትሽ ጋር ተዛመጂ» ብለውኝ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ከግንዱ ዳር ቆሜ እገኝ ነበር። መልክ ለሌለው ነገር ጅራትና ብቸኝነት ሰጡልኝ፤ እኔ ደግሞ ጣት ጨመርሁለት፤ ያኔ ማሩን የምቀባበት ቦታ ተገኘ። መጽሐፍ ውስጥ ጭራቅ ባጋጠመኝ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው ምን እንደጎደለው ነው። ደራሲው ካላወቀው መጽሐፉን እዘጋዋለሁ፤ በዚህ በኩል ትዕግሥት የለኝም።

ተመርቄ ፍኖተ ሰላም ማስተማር በጀመርሁ ዓመት፣ ለመስከረም ወደ መንደሬ ሄድሁ። አያ ደምለው አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ስለደከመ አሁን የሚያወሩት ልጆቹ ናቸው፣ እርሳቸው ይሰማሉ። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ያህል ልጅ፣ የማላውቃት፣ የፈጠምን ዘንዶ ጀመረች። ዘንዶው በስተርጅናው ጎፈር አብቅሏል። የተረቱ ልጅ ያመጣችው ማር ዐሥራ ሁለት ቅል ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እውነትም ፈጠም ወርደው ዘንዶውን ልጅህን ስጠን አሉት፤ እሱም እስከ ወገቡ ብቅ ብሎ «ትምህርቷን ስትጨርስ ራሷን ጠይቋት» አላቸው። ይህን እኔ አልጨመርሁትም፤ አያ ደምለውም አልጨመሩትም። ሲያዩኝ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉና ትከሻቸው በሳቅ ተነቃነቀ። የምታወራው ልጅ ማን እንደሆንሁ አታውቅም ነበር፤ ጭሱ ወደ እሷ ሲዞር ከአጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም፤ ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም።

በማግስቱ ጠዋት ወንዝ ወረድሁ። ልጆቹ ወደ ማዶ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ፈጠም እንደ ልማዱ ሞልቶ ይጮሃል። ግንዱ አጋማሽ ላይ የደረሰች ሁሉ፣ ደብተሯን በደረቷ አቅፋ፣ ሳትቆም ወደ ውሃው አንድ ነገር ትናገራለች። ቀረብ ብዬ አዳመጥሁ። «እኔ ነኝ፣ የሺ ነኝ።» «እኔ ነኝ፣ ደብሬ ነኝ።» «እኔ ነኝ፣ አስረበብ ነኝ።» አንዷም ወደ ኋላ አልተመለሰችም።